ካስቲልያ፦ መንግሥቱና ሳሙናው

ለአስተያየት ከቀረቡልን የትርጉም ረቂቆች መካከል በአንዱ፣ ለነርሶች ማስተማሪያ እንዲሆን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በተመለሰ ጽሑፍ ውስጥ፣ «የግንብ ሳሙና» የሚል ስያሜ አጋጠመን። ስያሜው የሚገኝበት ክፍል የሆድ ድርቀት ለጸናበት ሕመምተኛ በፊንጢጣ በኩል የሚሰጠውን የሳሙና ውሃ፣ ነርሶች በተለምዶ ኢኔማ የሚሉትን፣ አዘገጃጀት ይገልጻል። ረቂቁን ከእኛ በፊት የመረመሩት ሰው «የግንብ» የሚለውን ሰርዘው «ሳሙና» ብቻ ይበቃል ሲሉ በኅዳጉ ጽፈዋል። ሁለቱም አያስኬዱም፤ ይልቁንም እርማቱ ከስሕተቱ የከፋ ነው። «የግንብ ሳሙና» የሚል ያነበበች ነርስ ግራ ተጋብታ ሌላ ሰው መጠየቋ አይቀርም። «ሳሙና» የሚል ያነበበች ግን የምትጠይቀው ነገር የለም፤ በእጇ ያገኘችውን፣ ምናልባትም ለልብስ ማጠቢያ የተሠራውን፣ በውሃ በጥብጣ ልታቀርብ ትችላለች። እንዲህ ያለው ብርቱ ሳሙና የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ያቃጥላል፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የሳሙናውን ዓይነት ለይቶ የጠቀሰውም ለዚሁ ነበር።

በመጽሐፉ ያለው ቃል «ካስቲል» ነው። ተርጓሚው ቃሉን በመዝገበ ቃላት ሲፈልገው የአንድ የቀድሞ መንግሥት ስም መሆኑንና የስሙም መነሻ «ግንብ» እንደሆነ አገኘ፤ መንግሥትን ከሳሙና የሚያገናኘው ነገር ስላልታየው መነሻውን ተርጉሞ አስገባ። ልፋቱን መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ሥርወ ቃል ፈልጎ ማግኘት ብዙዎቻችን የምንሰንፍበት ሥራ ነው። ለማሳየት የምንሞክረው፣ የቦታ ስም ከቦታው ተላቅቆ የወል ስም ከሆነ በኋላ ፍቹ ከሥርወ ቃሉ ሊቀዳ እንደማይችል፣ ስለዚህም በመዝገበ ቃላትም ሆነ በትርጉም መንግሥቱና ሳሙናው ለየብቻ መመዝገብ እንደሚገባቸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካስቲልያ በኢቤርያ ባሕረ ገብ መሬት፣ በዛሬዪቱ ስፔን ሰሜናዊና መካከለኛ ደጋ የተመሠረተ መንግሥት ነበር። ስሙ የተገኘው ካስቴሉም ከሚለው የላቲን ቃል ብዙ ቁጥር፣ ከካስቴላ ነው፤ ካስቴሉም ደግሞ «የጦር ሰፈር» ማለት ለሆነው ለካስትሩም ማሳነሻው ሲሆን «ትንሽ ምሽግ» እንደ ማለት ነው። የአስቱርያስ ክርስቲያን ነገሥታት ከደቡብ ከሚመጣው የእስላም ሠራዊት ጋር በሚዋሰኑበት ጠረፍ አያሌ ምሽጎች ስለተሠሩ አገሩ በምሽጎቹ ተጠራ። ስሙ በ800 በተጻፈ አንድ የገዳም ሰነድ ላይ ይገኛል።

የዐረብ ጸሐፊዎች ይህን ስም ያስተናገዱበት መንገድ ለተርጓሚዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ቀደምቶቹ አገሩን «አልቂላዕ» አሉት፤ «ምሽጎቹ» ማለት ነው። ይህም ስሙን መተርጎም እንጂ መዋስ አይደለም። በዚያን ጊዜ ተገቢ ነበር፤ ስሙ ገና የሚታይ ነገርን ይገልጽ ነበርና፣ ዘማቹ ወደ ሰሜን ሲገሠግሥ የሚያጋጥመው በእርግጥ ምሽግ ነበር። አገሩ ግዛት፣ ግዛቱም መንግሥት ሲሆን ግን ትርጉሙን ትተው ድምፁን ወሰዱ፤ «ቀሽታላ» ማለት ጀመሩ። ስሙ የተጸውዖ ስም ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። የእኛ ተርጓሚ «የግንብ ሳሙና» ሲል የሄደው የመጀመሪያዎቹ ዐረቦች በሄዱበት መንገድ ነው፤ የዘገየው ግን በሺህ ዓመት ያህል ነው።

የመንግሥቱ ታሪክ ረዥም በመሆኑ ለቃሉ የሚያስፈልገውን ብቻ እንጠቅሳለን። በ1065 ቀዳማዊ ፈርናንዶ ሲሞት ግዛቱ ለልጆቹ ተከፈለና ካስቲልያ ለሳንቾ ደረሰው። በ1230 በሣልሳዊ ፈርናንዶ ዘመን ከሌዮን መንግሥት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ተዋሐደ። ይኸው ንጉሥ በ1248 በደቡብ የምትገኘውን ሴቪልያን ያዘ፤ ይህችን ከተማ አንባቢ እንዲያስታውሳት እንለምናለን፤ ወደ ሳሙናው የምንሻገረው በእርሷ በኩል ነውና። በ1469 የካስቲልያዋ ኢሳቤል የአራጎኑን ፈርናንዶ አገባች፤ እርሷ በ1474፣ እርሱ በ1479 ነገሡ፤ ከዚህም ጋብቻ ኋላ ስፔን የተባለው መንግሥት አደገ። ስሙ ዛሬም በስፔን ሁለት ክፍላተ ሀገር ስያሜ ውስጥ አለ፤ «ካስቲልያና ሌዮን» እና «ካስቲልያ-ላ ማንቻ» ይባላሉ።

በመንግሥቱ ዓርማ ላይ በቀይ መደብ የወርቅ ግንብ ይታያል፤ ከጎኑም የሌዮን አንበሳ አለ። እዚህ ላይ ተርጓሚ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ግንቡ የስሙ እውነተኛ ፍች ነው፤ አንበሳው ግን አይደለም። ሌዮን የሚለው ስም በዚያ ሰፍሮ ከነበረው የሮማውያን ሠራዊት፣ ከሌጊዮ፣ የመጣ ሲሆን አንበሳው በድምፅ መመሳሰል የተጨመረ ነው። በአንድ ጋሻ ላይ እውነተኛውና ሐሰተኛው ሥርወ ቃል ጎን ለጎን ተሥለው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ሳሙናው እንለፍ። ሳሙና የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ እንግዳ ነው፤ ሳቡን ከሚለው ዐረብኛ ተወስዶ «ብ» ወደ «ም» ተለውጧል፤ የዐረብኛውም ከግሪክና ከላቲን የመጣ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሮማዊው ፕሊኒ ሳፖ ብሎ የጠቀሰው ከሞራና ከዐመድ የተሠራ፣ ጎሎች ጠጉራቸውን ለማቅላት የሚቀቡት ነገር ነበር እንጂ የመታጠቢያ ሳሙና አልነበረም። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከእንስሳት ሞራና ከእንጨት ዐመድ የሚሠሩት ሳሙና በዐመዱ ውስጥ ባለው ፖታሽ ምክንያት የላመና የጠቆረ ነበር፤ የሞራው ሽታም አይለቀውም። በሜዲትራንያን ዳርቻ ግን ሁለት ነገሮች አብረው ተገኙ፤ የወይራ ዘይትና፣ በጨዋማ መሬት ከሚበቅሉ ዕፅዋት ዐመድ የሚወጣው ሶዳ። ዐረቦች ይህን ዐመድ አልቀሊ ይሉታል፤ አልካሊ የሚለው የኬሚስትሪ ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። ሶዳ ከወይራ ዘይት ጋር ሲፈላ ደረቅ፣ ነጭና ቆዳ የማያቃጥል ሳሙና ይሰጣል። ሙያው በሶርያና በሰሜን አፍሪካ በኩል ወደ አንዳሉስያ ዘልቆ ሴቪልያ ከታወቁት የሥራ ቦታዎች አንዷ ሆነች።

እንግዲህ የስያሜው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የጥንቱ ካስቲልያ ደጋ ብርድ የሚበረታበት፣ የበግና የስንዴ አገር ነው፤ የወይራ ዘይቱ አገር ደቡቡ ነው። ሳሙናውን ይሠሩ የነበሩት የደቡብ ከተሞች ናቸው፤ ጭራሹንም በሌላ ዘውድ ሥር የነበረችው የአሊካንቴ ሳሙና በእንግሊዝ ገበያ የካስቲል ሳሙና መባሏ የተለመደ ነበር። ሴቪልያ በካስቲልያ ንጉሥ እጅ ስለነበረች ዕቃዋ በንጉሡ አገር ስም ወደ ውጭ ወጣ። ስለዚህ «በካስቲልያ የተሠራ ሳሙና» የሚለው የብዙ መዝገበ ቃላት ፍች በመጀመሪያው ቀን እንኳ ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። ስሙ ሻጩን ያመለክታል እንጂ ሠሪውን አያመለክትም።

ይህ ዓይነቱ አሰያየም ለአማርኛም እንግዳ አይደለም። በየገበያው የምንገዛው ብርቱካን ስሙን ያገኘው ቡርቱቃል ከሚለው ዐረብኛ ሲሆን ይህም እስከ 1910 ድረስ በንጉሥ ትተዳደር የነበረችው የፖርቱጋል ስም ነው። ጣፋጩ ብርቱካን የእስያ ፍሬ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስላመላለሱት ብቻ በነጋዴዎቹ መንግሥት ተጠራ። ይሁንና ብርቱካን የሚል ሁሉ ፖርቱጋልን አያስባትም፤ ማሰብም የለበትም። ማንም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብርቱካንን «የፖርቱጋል ፍሬ» ብሎ አይፈታም፤ ከፈታም ይሳቅበታል። ለካስቲልያ ሳሙና ግን ይህንኑ ስሕተት ስንሠራ የሚስቅብን የለም።

እንግሊዞችም ይህን ስም በጊዜው አልተረዱትም። በቆዩ ጽሑፎቻቸው ሳሙናውን በገዛ ቋንቋቸው «ግንብ» በሚል ቃል ሲጽፉት ይገኛል፤ ካስቲል የሚለውን የማያውቅ ሻጭ በሚያውቀው ቃል ተካው። የሚገርመው የእንግሊዝኛው የግንብ ስም ራሱ ከካስቴሉም የወጣ መሆኑ ነው። ባላዋቂው ሻጭ ሳያስበው እውነተኛው ሥር ላይ ወደቀ፤ ሥሩን ማግኘቱ ግን ስለ ሳሙናው ምንም አላሳወቀውም።

ከዚህ በኋላ ቃሉ የሄደበት መንገድ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የመድኃኒት ቀማሚዎች ከወይራ ዘይትና ከሶዳ የተሠራውን ሳሙና በላቲን ሳፖ ዱሩስ፣ «ደረቅ ሳሙና»፣ ብለው ይመዘግቡት ነበርና በሙያቸው ዘንድ ፍቹ የተወሰነ ነበር። በገበያ ግን ሌሎች ዘይቶች ገቡ። ፈረንሳዮች ለማርሴይ ሳሙናቸው በ1688 በንጉሥ ዐዋጅ ከወይራ ዘይት በቀር ሌላ እንዳይገባበት ከልክለው ነበር፤ ለካስቲልያ ሳሙና እንዲህ ያለ ጠባቂ አልተገኘለትም። በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን «ካስቲል» የሚለው ቃል ከወይራ ዘይት ብቻ ለተሠራ ሳሙና ይሁን ብሎ ቢያዝም፣ ትእዛዙ የደረሰው ኩባንያ ይግባኝ ብሎ በ1932 ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ሻረው። ነጋዴውም ሸማቹም ቃሉን ለሌሎች ዘይቶች ጭምር ሲጠቀሙበት የኖሩ በመሆናቸው ፍቹ ሰፍቷል ማለት ነው። ክርክሩ ሳሙና ሻጮች ያነሡት ቢሆንም ጥያቄው የእኛው የሙያ ጥያቄ ነበር፤ ፍች የሚወሰነው በመነሻው ነው ወይስ በአጠቃቀሙ?

ዛሬ «ካስቲል» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ እንዲሆን በሶዳ ፈንታ በፖታሽ ይሠራል፤ ዘይቱም የኮኮናት ወይም የሌላ ተክል ሊሆን ይችላል። ቃሉ በመጀመሪያ አገሩን፣ ቀጥሎ ወይራውን፣ በመጨረሻም ደረቅነቱን ተወ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የእንስሳት ሞራ የሌለበት፣ ከዕፅዋት ዘይት የተሠራ መሆኑ።

ይህን ለመቀበል የሚቸገር አንባቢ ቢኖር «ዘይት» የሚለውን የገዛ ቃላችንን ይመልከት። ዘይት በግእዝ ወይራው ራሱና ከወይራው የሚወጣው ቅባት ነው፤ ደብረ ዘይትም የወይራ ተራራ ማለት ነው። አማርኛ ግን ቃሉን ለኑጉም፣ ለሱፉም፣ ለተልባውም ሰጠው፤ በኋላም መኪና መጣና የሞተር ዘይት አልን። ወይራው ከዘይት ውስጥ ፈጽሞ ስለጠፋ ዛሬ «የወይራ ዘይት» ማለት ግድ ሆኗል፤ ለግእዝ ዐዋቂ ጆሮ ይህ «የወይራ ወይራ» እንደ ማለት ነው። ሆኖም ማንም አያርመንም፤ መታረምም የለብንም። ካስቲል በእንግሊዝኛ ያጋጠመው ይኸው ነው።

የመንግሥቱ ስም በሳሙና ላይ ብቻ አልቀረም። በጃፓን ካስቴራ የሚባል ከእንቁላል፣ ከስኳርና ከዱቄት የሚጋገር ኬክ አለ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋሎች ያመጡት ሲሆን ስሙ «የካስቲልያ ዳቦ» ከሚለው አነጋገራቸው ዳቦው ተቆርጦ መንግሥቱ ብቻ የቀረ ነው። በፊሊፒንስ ታጋሎግ ካስቲላ ማለት ስፔናዊ ሰው ነው። ከሁሉ የሚደንቀው በሜክሲኮ ናዋትል ቋንቋ የሆነው ነው። ስፔናውያን በ1519 ሲደርሱ የአገሩ ሰዎች ስማቸውን ካሽቲላን ብለው ተቀበሉት፤ መጨረሻው በቋንቋቸው የቦታ ስም ከሚያበጀው ምዕላድ ጋር ስለገጠመላቸው የአገራቸውን ቦታ ስም ይመስል ነበር። ከዚያ የስንዴውን ዳቦ «የካስቲልያ ቂጣ» አሉት። ምዕላዱን ነቅለው የቀረውን ካሽቲል ብቻውን ሲወስዱት ደግሞ በዛሬዎቹ የናዋትል ዘዬዎች ዶሮ ማለት ሆነ። የነገሥታት ስም በየጓሮው ይጭራል።

እኛም «የፈረንጅ ዶሮ» እንላለን። ፈረንጅ የፍራንኮች ስም በዐረብኛ በኩል መጥቶ የሰፋ ሲሆን፣ «የፈረንጅ ጥድ» እንደምንለው ሁሉ በተክልና በእንስሳ ስም ላይ ሲገባ ፍቹ «ከውጭ የመጣ፣ ከአገሬው የተለየ» ማለት ነው እንጂ ስለ ፍራንኮች አይናገርም። በስፔን አሜሪካ «የካስቲልያ» የሚለው ቅጽል ያገኘው ቦታ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

መመሳሰል በተገኘበት ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ልንቀጥል አይገባንም። ቡናን አውሮፓውያን የሚጠሩበት ስም ከቀድሞው የከፋ መንግሥት ስም የመጣ ነው የሚለው አባባል በአገራችን በጣም የተወደደ ነው። ይሁን እንጂ የአውሮፓው ቃል በቱርክኛ በኩል የደረሰው ቀህዋ ከሚለው ዐረብኛ ሲሆን፣ ይህ ቃል ከቡናው አስቀድሞ ለወይን ጠጅ ይነገር ነበር። የቡና መገኛ የከፋ ደን መሆኑ ሌላ ነገር ነው፤ የተክሉ ታሪክ የቃሉን ታሪክ አይተካም። ካስቲልያና ሳሙናው ግን በንግድና በጽሑፍ ደረጃ በደረጃ ተያይዘው ይገኛሉ፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ወደ አመዘጋገቡ ስንመለስ፣ በመጀመሪያ የመንግሥቱ ስም አጻጻፍ መወሰን አለበት። በእጃችን ሦስት ቅርጾች አሉ፤ ከእንግሊዝኛ የተቀዳው ካስቲል፣ የዛሬ ብዙ ስፔናውያን አነጋገር የሚከተለው ካስቲያ፣ የቆየውን አነጋገር የሚጠብቀው ካስቲልያ። እኛ የመጨረሻውን እንመርጣለን። የቃሉን «ል» ስለሚያስቀር ከላቲኑ መነሻና ከቋንቋው ስም ከካስቴልያኖ ጋር ያለው ዝምድና አይጠፋም፤ በፊደላችንም ያለ ችግር ይጻፋል። ወጥነት እንዲኖር ሴቪልያም እንዲሁ መጻፍ ይገባታል፤ የስፖርት ጋዜጠኞች ሴቪላ ማለትን እንደማይተዉልን ግን እናውቃለን። ቋንቋውን በሚመለከት፣ የስፔን አካዳሚ መዝገበ ቃላት እስከ 1925 ድረስ «የካስቲልያ ቋንቋ» የሚል አርእስት የነበረው ሲሆን በዚያ ዓመት እትም «የስፔን ቋንቋ» ተብሏል፤ የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ግን ካስቴልያኖ የሚለውን ጠብቋል። ስለዚህ ተርጓሚ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ስሞች ቢያገኝ ሁለት ቋንቋዎች አድርጎ መቁጠር የለበትም።

ሳሙናው ሌላ ዋና ቃል ይሁን። በታሪክና በቆየ የንግድ ጽሑፍ «የካስቲልያ ሳሙና» ማለት ይቻላል፤ ፍቹም «ከወይራ ዘይትና ከሶዳ የሚሠራ ነጭ ደረቅ ሳሙና» ይሆናል። እዚህ «ዘይት» የሚለውን ማስቀረት አይገባም። «የወይራ ሳሙና» ብቻ ቢባል የእኛ አንባቢ የሚያስበው ጋን የሚታጠንበትን እንጨት ነው፤ የአገራችን ወይራ የዘይቱ ወይራ የዱር ዘመድ ቢሆንም ፍሬው ለዘይት ሲጨመቅ አላየንም። ለዛሬ ዕቃ ደግሞ «የዕፅዋት ዘይት ሳሙና» ይበቃል። «ለስላሳ ሳሙና» እንዲባል የቀረበ አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ለስላሳ የላመውን ሳሙናም ሊያሳስብ ስለሚችል «የማያቃጥል» የሚለው ይሻላል።

በነርሶቹ መጽሐፍ ረቂቅ ላይ ያሰፈርነው ቃል የሚከተለው ነው፦ «ከዕፅዋት ዘይት ብቻ የተሠራ፣ ለዚህ አገልግሎት የተዘጋጀ የማያቃጥል ሳሙና፤ የልብስ ሳሙናም ሆነ የሳሙና ዱቄት በምትኩ አይገባም»። ተርጓሚው በአንድ ቃል ፈንታ አንድ መስመር መግባቱን አልወደደውም፤ ካስቲልያ የሚለው ስምም ከጽሑፉ ጨርሶ መውጣቱን በቅሬታ ጠቅሷል። መስመሩ ግን እንዳለ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል።